ፀሐይን ከኋላ፣ አባዬን ከፊት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ፎቶዬ ላይ ባሕሩ ተንጋዶ ወጣ። የካሜራውን መቆሚያ አሸዋው ላይ ሳቆመው ቀጥ ያለ ነበር። ማዕበሉ መጥቶ ሲመለስ ግን ከአንዱ እግር ሥር አሸዋውን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ ፀሐይዋ ላይ ስለሆነ ልብ አልልም። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳየው ውሃው በሙሉ ወደ ግራ ሊደፋ ደርሷል። የፎቶ ማኅበራችንን የሚመራው መምህር ኳንግ ባለፈው እሑድ በሰው ሁሉ ፊት "የቱየን ባሕር ባልዲ ያስፈልገዋል" ብሎኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሳሁ፣ አሁንም የባልዲ ቀልድ።

ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና "እንዲህ ባለ ባሕር ላይ ዓሣ ሳጠምድ ኖሬ ቢሆን አንድ እግሬ ያጥር ነበር" አለ። በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ብዙ ቆየ።

የጠየቀኝም ያኔ ነው። ጀርባውን እያሸሁለት ሳለ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው "የመሠዊያ ፎቶዬን አንቺ አንሺኝ" አለኝ። "ገበያ ያለው ስቱዲዮ ወስደሽ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት አትገትሪኝ። ባሕሩ ዳር፣ ፀሐይ ስትወጣ። እሷ ከኋላዬ ትሁን።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እኛ ሰፈር ሰባ ያለፈው ሁሉ ሲሞት ቤቱ መሠዊያ ላይ ቆሞ ዕጣን የሚጤስለትን ፎቶ አስነስቶ፣ በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀኑን እንዲጠብቅ አስቀምጦታል። እንዲያውም አስቀድሞ ማዘጋጀት ዕድሜ ይጨምራል ይላሉ። አባዬ ሰባ ስምንት ሞልቶታል። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። ፀሐይ ከኋላው ከሆነች ፊቱ ይጠቁራል። ይህንን ካሜራ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ከፀሐይ ፊት የቆመን ሰው ፊት አብርቶ፣ ሰማዩንም ሳያነጡ ማንሳት እኔ እስካሁን ያልቻልኩት ነገር ነው። ነገ ከመምህር ኳንግ ጋር መነጋገር አለብኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ፋርማሲ ውስጥ ሆኜ፣ በምሳ ሰዓት። ውጭው ዝናብ ነው፣ ደንበኛ የለም።

ወንድሜ ኮዋ ከከተማ ደወለ። አባዬ ነግሮታል። "በፀሐይ መውጫ? ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ስቱዲዮ ሄዶ ቁጭ ቢል አምስት ደቂቃ ነው፤ ኮት እንኳ ባይኖረው እዚያው በኮምፒውተር ያለብሱታል።"

"አባዬ ኮት ለብሶ ያውቃል እንዴ፣ ጋሼ?"

"ፎቶው ላይ ይልበስ! ብቻ ቶሎ በይ። የእማዬ ነገር እንዳይደገም።"

የእማዬ ነገር ሁላችንም የምናውቀው ቁስል ነው። ስትሞት አንድም ፎቶ አልነበራትም። ሠዓሊ ተጠርቶ፣ አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ እየነገረው ሣላት። "አፍንጫዋ አነስ ይበል፣ ዓይኗ እንዲህ አይደለም፣ ስትስቅ በግራ ነው" ሲለው ሠዓሊው ይፍቃል፣ ይሥላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ደክሟቸው ተውት። መሠዊያው ላይ ያለችው ሴት ቆንጆ ናት፤ ግን ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አባዬ ዕጣን ባበራ ቁጥር "ለማላውቃት ሴትዮ ዕጣን ሳቃጥል አረጀሁ" ይላል። እንደ ቀልድ ነው የሚለው።

ደንበኛ መጣ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ሙከራ። አባዬ ነጩን ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ በእግሩ ወረደ። እኔ መቆሚያውን ተሸክሜ ከኋላው።

ፊቱ ከሰል ሆነ። ፊቱን ላብራ ብዬ ብርሃኑን ስጨምር ሰማዩ ታጥቦ ነጭ ወረቀት ሆነ፣ ፀሐይዋ ጠፋች። ፍላሽ ሞከርኩ፤ አባዬ አሁን ከመረብ የወጣ ዓሣ መሰለ። አሸዋው ዳር የዓሣ ሾርባ በሩዝ የምትሸጠው እትዬ ሉዋ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ ትከሻዬ ላይ አንገቷን አሰገገች።

"አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ልታጠቁሪው ነው እንዴ? ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ያጠቆረችው አይበቃም?"

"ተያት ሉዋ፣ ትማር" አለ አባዬ። "እኔ ጊዜ አለኝ።"

ጊዜ አለኝ ነው ያለው። በራሱ አፍ።

ሲመለስ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። አሸዋ ላይ መሄድ ማንንም ያደክማል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት። ኮዋ ከሐኪሙ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያወራል፣ እኔ ውስጥ አባዬን ጫማ አጠልቅለታለሁ። "እስከ ቴት ምናልባት" የሚል ሰማሁ። ቴት አዲሱ ዓመት እኮ ነው፤ ደጃፍ ላይ ነው። እስከ ቴት ምን? እስከ ቴት ይህን መድኃኒት ይውሰድ ማለቱ ይሆናል። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም።

ማዘዣውን እኛው ፋርማሲ አመጣሁት። መድኃኒቱ ተለውጧል። አዲሱን ኃይለኛ ማስታገሻ ለብቻው፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፤ ሣጥኑን ራሴ ከፈትኩ፣ ራሴ ፈረምኩ። እንዲህ ያለ ማዘዣ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ፊት ላለማየት ሁልጊዜ አቀርቅሬ ነበር የምጽፈው። ዛሬም አቀርቅሬ ጻፍኩ።

ኮዋ መኪናው ውስጥ ምንም አላለኝም፣ እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መምህር ኳንግ እንደነገረኝ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ተመልሶ አባዬ ፊት ላይ ሊያርፍ ይገባል። ነጭ ነገር ያስፈልጋል፤ ሰፊ፣ ቀላል፣ ንፋስ የማይወስደው። እትዬ ሉዋ ዓሣ በበረዶ የሚታሸግበት ነጭ ሣጥን አላት፤ ክዳኑ ልክ ነው። ደግሞ ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣች በኋላ ማንሳት ሞኝነት ነው ብሎኛል። ጫፏ ውሃውን ስትቆርጥ ያለችው አፍታ ናት ልክ፤ ያኔ የሰማዩና የፊቱ ብርሃን ይቀራረባል። የብርሃን ልኬቱንም ከሰማዩ ሳይሆን ከአባዬ ጉንጭ ልውሰድ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ዝናብ። ጀልባ ሁሉ ከማዕበሉ ሊጠለል ወንዙ ውስጥ ገብቷል። ባሕሩ ቡና ዓይነት ሆኗል።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዝናብ። ኮዋ ደወለ፤ "ስቱዲዮ ውስጥ አይዘንብም" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ቆይቼ ደግሞ ይቅርታ ብዬ ደወልኩ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዝናብ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ! ወር ሙሉ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። የቆርቆሮው ድምፅ ይሆናል።

አባዬ በመስኮቱ ሰማዩን እያየ "ቸር ቀን ይመጣል" ይላል። እኔ "ቀኑ አይቸኩል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ሾርባውን ግማሽ ተወው። ዝንጅብል በዝቶበት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ተከፈተ! ሌሊቱን ከሰሜን ንፋስ ገብቶ ሰማዩን ጠርጎታል። መቆሚያውን እስከ ጉልበቱ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት፣ ላዩ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ሰቀልኩበት። ባሕሩ አንድ ፀጉር አልተንጋደደም። ባልዲ በለኝ እንግዲህ፣ መምህር ኳንግ።

እትዬ ሉዋ ክዳኑን ይዛ ከአባዬ ፊት ተንበረከከች። "አባባ፣ ሙሽራ ሆነሃል፣ እኔን ካላገባህ ክዳኑን እጥለዋለሁ" አለችው። "ባልሽ ቢላ ይስላል፣ እኔ ለሠርግ አልደርስም" አላት። ከሳቁ ወጥቶ፣ ፊቱ ገና ሳይኮሳተር፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ አየ። የፀሐይዋ ጫፍ ከትከሻው አጠገብ ውሃውን ቆረጠች። ከክዳኑ የተመለሰው ብርሃን ጉንጩ ላይ አረፈ። ሦስት አነሳሁ። አንዱን ጠቆር አድርጌ፣ አንዱን በልኩ፣ አንዱን ፈካ አድርጌ።

መካከለኛውን ቤት መጥቼ ከፈትኩት። ብዙ ቆየሁ እያየሁት። ዓይኑ የትም ብሄድ ይከተለኛል፤ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ያየኛል። ሰማዩ አለ፣ ፀሐይዋ አለች፣ ፊቱ አለ።

የግራ ጆሮው ግን ጥላ ውስጥ ነው። የመሠዊያ ፎቶ ላይ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት፤ አለዚያ የልጅ ልጆች የሚሉትን አይሰማም። አይታይም አይደለም፤ ይታያል፣ ግን ጠቆር ብሎ ነው። ጠቆር ያለ ጆሮ ደግሞ ምን ይሰማል? ይደገም።

ለአባዬ ገና ነው አልኩት። "ለካ ጥርስ መንቀል ነው" አለኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የማኅበሩ ስብሰባ። ባላሳይ ይሻል ነበር። መምህር ኳንግ የካሜራዬን ስክሪን ጎንበስ ብሎ አየና ዝም አለ። ያ ሰውዬ ሳይቀልድ ዝም ሲል የመጀመሪያው ነው።

"ማን ናቸው?"

"አባቴ።"

"ይህን እንዳትነኪው። ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ።"

"ጆሮው እኮ..."

"የቱ ጆሮ?"

አሳየሁት። እሱ ግን ፎቶውን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው። "ቱየን፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ያንቺ ነገር ተገልብጧል። ልብሽ አይቶ ጨርሷል፣ ዓይንሽ ነው እምቢ ያለው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ብዙ ዓመት ማስተማር ሰውን እንቆቅልሽ ያስወራል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ካሜራውን ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል አውጥቼ ይዤው ብሄድ ሌንሱ ላብ አላበው። ጠረግኩት፣ አላበው። ፀሐይዋ ወጥታ አለቀች። ከእንግዲህ ቦርሳው ሌሊቱን በረንዳ ላይ ይደር። ተማርኩ።

አባዬ አሁን በሞተር ነው የሚወርደው። ከኋላዬ አስቀምጬ በሻርፕ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። ለካ ምንም አይከብድም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ደመና ከታች። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነው የወጣችው። አይሆንም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ብርሃኑ ጥሩ፣ ሁለቱም ጆሮ ጥሩ። የሸሚዙ ኮሌታ ግን ሰፍቶ አንገቱ ላይ ጥላ ይጥላል። በጥቅምት እንዲህ አልነበረም፤ እጥበት የሸሚዝ ኮሌታ ያሰፋል መሰለኝ። ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። መርፌ ቁልፉ ከጎን ሲታይ ያብለጨልጫል። ይደገም።

አንድ ነገር ሰማሁ፣ ባልሰማሁ። ሌንሱን እያሸግኩ እትዬ ሉዋ ለባሏ "ልጅቷ ሰውዬውን በብርድ ትገድለዋለች፤ የምን ፎቶ ነው፣ ሲኒማ ልትሠራ ነው?" ስትለው። ከዚያ ዞር ብላ ለእኔ በትልቅ ሳህን ሾርባ አመጣችልኝ። ሳልነካው መለስኩላት። እውነቷን ነው። ንፋሱ ቢላ ነው፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በረደኝ ብሎ አያውቅም። ነገ አልወስደውም ብዬ ማልኩ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሲነጋ ለብሶ፣ ሻርፑን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምን ላድርግ? ወሰድኩት።

ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመድ ዘመኑ አወራኝ። ጎሕ ሳይቀድ ጀልባ ላይ ሲሆኑ ስለ ሚስት አይወራም ነበር አለኝ፣ ዓሣው ይቀናል ይላሉ። እና ሁሉም ዝም ብለው ስለ ሚስቶቻቸው ያስባሉ። ይህን እያወራ አነሳሁት። ከንፈሩ ስለተንቀሳቀሰ ፎከሱ ትንሽ ለስለስ ብሏል። አይሆንም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ኮዋ መጣ። ሳይነግረኝ፣ ሥራ ትቶ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "አሳዪኝ" አለ።

"አላለቀም።"

"ያላለቀውን አሳዪኝ። አንዱን ስጪኝ፣ የፈለግሽውን። እኔ አሳትመዋለሁ።"

ያኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ካርዱ ውስጥ የባሕር ውሃ ገባ፣ ሁሉም ጠፋ አልኩት። አባዬ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነው። ኮዋ ግን አላበደም፣ አልጮኸም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "እና አሁን ምንም የለንም? አንድም?" አለ። ሃምሳ የደፈነ ሰው፣ እንደ ሕፃን። "ከነገ ጀምሬ እንደ አዲስ አነሳዋለሁ" አልኩ።

የዋሸሁት ያላለቀ ሥራ ማሳየት ስለማልወድ ነው። መምህር ኳንግም ያላለቀ ሥራ አታሳዩ ይላል። ፎቶዎቹ ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ። ከዚህ ደብተር በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ



ከሥራ ስመለስ የኮዋ መኪና በር ላይ ቆሟል። አባዬ ፀጉሩ በዘይት ተለጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ኮዋ ደግሞ በአንድ እጁ የሙዝ ዘለላ፣ በአንድ እጁ በመስታወት የተገጠመ ትልቅ ፎቶ ይዞ ገብቶ፣ ዕጣኑን አብርቶ፣ ሙዙን መሠዊያው ላይ ሲያኖር ፎቶውንም እዚያው አስደግፎት ስልኩን ሊያነሳ ዞሯል። እኔ ልክ በዚያች ሰዓት በሩን አልፌ ገባሁ።

ያየሁት ይህ ነው፤ የእማዬ ሥዕል፣ ከጎኗ አባዬ። ጥቁር ኮት፣ ቀይ ከረባት፣ ከኋላው ሰማያዊ ጨርቅ። የዕጣኑ ጭስ ፊቱ ላይ ይወጣል። በሕይወት ያለ ሰው! አልጋው ላይ ተቀምጦ የሚያየን ሰው!

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ዘልዬ ከመሠዊያው ላይ መነተፍኩት፤ ከእጄ አመለጠና ሸክላው ወለል ላይ ተከሰከሰ። ስባሪው ምስሉን ከግንባሩ እስከ ከረባቱ ቀዶታል። መስታወት መሰበሩ ደግሞ ክፉ ገድ ነው የሚባል ሌላ ጣጣ ነው፤ ጎረቤት ቢሰማ ምን ሊል!

ኮዋ አመድ መሰለ። እሱ የበኩር ልጅ ነው፣ የመሠዊያው ባለቤት ነው፣ የሕያው ሰው ፎቶ እዚያ እንደማይቀመጥ ለእኔ ያስተማረኝ እሱ ነው። "እጄ ሞልቶ... ሙዙን ላስቀምጥ ብዬ... ለአፍታ..." ይላል። ተንበርክኮ ስባሪውን በባዶ እጁ መልቀም ጀመረ፣ እጁ ደማ።

አባዬ ከአልጋው "ቆይ እስቲ፣ እዚያ ላይ ጎን ለጎን አምሮብን ነበር?" አለ። "እሷ እሷን አትመስል፣ እኔ እኔን አልመስል። አዲስ ሙሽሮች!"

ማንም አልሳቀም። ኮዋ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ለምኖሽ ከለከልሽው። እኔ ሳመጣ ሰበርሽው። ለሱም ሠዓሊ ጠርተን እንደ እማዬ እናስልለት?"

"ተው፣ ኮዋ። ውሰደኝ ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ አባዬ። ከዚያ ለእኔ አልጋውን መታ መታ አደረገልኝ። "ነይ፣ ቁጭ በይ። ካርዱን ባሕር አልበላውም፣ አይደል?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

"ልጄ፣ እኔ በሕይወት ያለሁት ፎቶ ስላልተነሳሁ አይደለም።"

ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። የቆሸሹትን አጠብኩ፣ ከዚያ ንጹሖቹንም አጠብኩ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ጠዋት ኮምፒውተሩን አባዬ አልጋ ላይ አመጣሁት። ኮዋ እዚሁ አድሮ ነበር፣ እጁ በፋሻ ታስሯል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በተራ አሳየኋቸው።

በተራ ማሳየቴ ስህተት ነበር። አንድ በአንድ ሳያቸው አስተውዬው አላውቅም። ሁልጊዜ የማየው ጆሮውን፣ ኮሌታውን፣ የባሕሩን መስመር ነበር። በተከታታይ ሲያልፉ ግን ያው ሸሚዝ፣ ያው ባሕር፣ ያቺው ፀሐይ፤ መካከል ላይ ያለው ሰው ብቻ በየጠዋቱ እየሳሳ ይሄዳል። እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ኮዋ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አባዬ መነጽሩን አስተካከለ። "ይቺ ሸሚዝ እያደገች ነው" አለ።

ከዚያ "የትኛው ነው ያለቀው?" አለኝ።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። የኅዳር አንዱን ከፈትኩለት።

ብዙ አየው። አፉን ከፈት አድርጎ፣ ሰው የሩቅ ዘመዱን ድንገት ገበያ ላይ ሲያገኝ እንደሚያደርገው። "ይህ እኔ ነኝ" አለ። "መቼ ነው ያለቀው?"

"ያን ቀን።"

"ያን ቀን ካለቀ ከዚያ ወዲህ በዚያ ብርድ ምን አመላለሰሽ?"

ጆሮህ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ከጨረስኩት ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነው" አልኩት። አልኩት፤ አሁን ደግሞ ጻፍኩት። አንጀቴ እስኪነቀል አለቀስኩ፣ አርባ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ በአባቴ ብርድ ልብስ ላይ።

እጁን ፀጉሬ ላይ አኖረ። "እሱማ እሄዳለሁ" አለ። ድምፁ ምንም አልተለወጠም። "ግን ስንት ፀሐይ አብረን አየን? ከእናትሽ ጋር እንኳ ይህን ያህል አላየሁም። እሷ እዚህ ዳር፣ እኔ እዚያ ውሃው ላይ ነበርን። እንዲህ ጎን ለጎን ቆመን አንድ ቀን አላየንም። ሉዋ በብርድ ልትገድለው ነው ስትል እኔም ሰምቻለሁ። ሞኝ ናት። እኔ ነኝ እኮ በየቀኑ ለብሼ በር ላይ እጠብቅሽ የነበረው።"

ኮዋ ከመስኮቱ ሳይዞር "እኔንስ ለምን አልጠራችሁኝም?" አለ።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞርኩት። አባዬም አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀለት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ታትሞ መጣ። መምህር ኳንግ እንዳለው ምንም አልጨመርኩ፣ ምንም አልቀነስኩ። ኮዋ ፍሬሙን ከከተማ ራሱ ይዞ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር፣ ሙዝ አልያዘም።

አባዬ ጭኑ ላይ አድርጎ አየው። ሁለቱን ጆሮዎች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "አሉ። እንግዲህ ሐሜታችሁን ሁሉ እሰማለሁ፣ ተጠንቀቁ" አለ። ቀዩን ጨርቅ ራሱ ዘርግቶ ራሱ ጠቀለለው፣ ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ቆዩ፤ ልናግዘው ስንል እምቢ አለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት፣ ከክረምት ብርድ ልብሶቹ በላይ። በሩን ስዘጋው እንጨቱ ጮኸ። ዘይት ላደርግበት ይገባል።

ማታ ሾርባ ሦስት ማንኪያ ጠጣ። መድኃኒቱን ሰጠሁት። ኮዋ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ተኝቷል። እኔ መተኛት አቅቶኛል። ጨርሰናል፣ አብቅቷል፣ ከእንግዲህ የምጠብቀው ደመና የለም፣ የሚደገም ጆሮ የለም። ዛሬ ሌሊት ከሆነስ? ሰው እንዲህ ያስባል እንዴ? ፋርማሲ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ፎቶ ሰው እንደማይገድል አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን ቁም ሳጥኑን አሁንም እያየሁት ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ባሕሩ ዳር ሆኜ፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ።

በለመድኩት ሰዓት ነቃሁ። ጨለማ ነው፣ ዝናብ የለም። ከአባዬ ክፍል ሳል አይሰማም። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይስላል። ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሬ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገፋ ማድረግ አልቻልኩም። ኮዋን ልቀስቅሰው? ካልሆነስ? የራሴን ትንፋሽ ይዤ የእሱን ለመስማት ሞከርኩ፤ የምሰማው የራሴን ልብ ነው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ እግሬ በረዶ ሆኗል።

"አለሁ" አለ ከጨለማው ውስጥ።

ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ።

"አለሁ፣ ቱየን። ሰማዩ ዛሬ የጠራ ነው፣ ንፋሱን እሰማዋለሁ። እኔ ዛሬ አልችልም። ሂጂ ፀሐይሽን አንሺ፣ እኔን አትጠብቂኝ።"

እሺ አባዬ አልኩ። መቆሚያውን አንስቼ በእግሬ ወረድኩ። ጫፏ አሁን ውሃውን ቆርጣለች፤ ከፊቷ የቆመ ሰው የለም። አንድ ብቻ አነሳሁ። ለአባዬ ላሳየው ወደ ቤት ልሄድ ነው።